ሽቦው የተቆረጠበት ብስክሌት

ለተከበሩ የብስክሌት ክለባችን ሊቀመንበር
ባሉበት

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ቢሮዎ ውስጥ ያለው ያ የሚሽከረከር ወንበርዎም ጭምር ደህና መሆናችሁን ከልቤ እመኛለሁ። እኔን ከጠየቁኝ ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ዛሬም ውሃዬን ራሴ ቀድቼ ሁለት ፎቅ እወጣለሁ፣ ካልሲዬን አጥባለሁ፣ ጢሜን ያለ መስታወት እላጫለሁ፣ ጎማ ሲተነፍስም ቀዳዳውን በጆሮዬ ብቻ አገኘዋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ሁለት ዓመቴ፣ ባለቤቴ ነፍሷን ይማርና አጠገቤ ቁጭ ብላ እያስቆጠረችኝ ስለሆነ፣ ይህን ደብዳቤ ለመጨረስ አራት ቀን ፈጅቶብኛል። ጎረቤቴ የሆነችው ጸሐፊ «አባባ፣ ይስጡኝ፣ በኮምፒውተር ላሳምርልዎ» ብላኝ ነበር፤ እምቢ አልኳት። በእጄ ያበላሸሁትን በእጄ መጻፍ አለብኝ።

ደብዳቤውን በክለቡ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት እርስዎን ለማሳጣት ብዬ አይደለም። በታሸገ ፖስታ ከላክኋቸው ከሁለቱ አንደኛው መሳቢያዎ ሞቆት እዚያው ስለተኛ፣ ለሁለተኛው የመጣልኝ መልስ ደግሞ ቆይቼ የማነሣው ዓይነት ስለሆነ ነው። አሁን ምስጋናዎቼን በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፦ ለበር ጥበቃዎ ትሕትና ምስጋናዬ ይድረስ። ሦስት ጊዜ መጥቼ ሦስቱንም ጊዜ ወንበር አምጥቶልኛል፤ ሦስቱንም ጊዜ «ስብሰባ ላይ ናቸው አባባ፣ እስከዚያው ፀሐይ ይሙቁ» ብሎኛል። በሦስተኛው ቀን እርስዎ በኋላ በር ሹልክ ሲሉ በዓይኔ በብረቱ ስላየሁ፣ ስብሰባው እግር እንዳለው ተረድቼ ቤቴ ገባሁ። ያንን የኋላ በር የገጠምነው እኔና አንድ በያጅ ጓደኛዬ ነን። ማጠፊያው የት ጋ እንደሚላላ ዛሬም አልረሳሁትም።

ሁለተኛ፦ እሁድ ጠዋት በሚደረገው «የድሮ ዘመን ጉዞ» እኛን የድሮዎቹን ስላስታወሳችሁን እጅግ አድርጌ አመሰግናለሁ። ቀላሎቹ አዳዲስ ብስክሌቶች የመጡ ጊዜ የእኛን ብረቶች «የወተት ማመላለሻ» ብላችሁ ከመጋዘን አውጥታችሁ ለቁርጥራጭ ብረት ሰብሳቢ ያስረከባችሁ እናንተው ነበራችሁ። እኛ ስናልፍ ጎረምሶቹ «ሙዚየሙ መጣ!» እያሉ መንገድ ይለቁልን ነበር። አሁን እነዚያው ጎረምሶች ጢማቸውን አሳድገው፣ የሱፍ ካልሲ እስከ ጉልበታቸው ስበው፣ የራስ መከላከያውን ጥለው የጨርቅ ቆብ አጥልቀው አየኋቸው፤ ዝገትም እንደ ጌጥ ተወድዶ ለማየት እስከዚህ መቆየቴ ለካ ለደግ ነው። በክለቡ አዳራሽ ውስጥ ማይክሮፎን ይዘው «የድሮ ሰው ፍርሃት የሚባል ነገር አያውቅም ነበር!» ሲሉና ሕዝቡ ሲያጨበጭብልዎ እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ። አላጨበጨብኩም፤ ጣቶቼን ብርድ ነካክቷቸው ነው ብለው ይለፉልኝ።

ክቡርነትዎ፣ እኛ ፈሪዎች ነበርን። ከከተማው በላይ ያለው ቁልቁለት አሥራ አንድ መታጠፊያ አለው፤ አናቱ ላይ ስንደርስ ሁላችንም ከኮርቻ እንወርድና ብስክሌታችንን በሰልፍ እንይዛለን። እኔ መካኒኩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እያንዳንዱን ፍሬን በእጄ ጨብጬ፣ የፊት ጎማውን የሚይዘውን ሹካ በመፍቻ ቆርቆር አድርጌ ድምፁን አዳምጬ፣ ጤነኛ ከሆነ የፊት ጎማው ላይ በጠመኔ አንድ ነጭ መስመር አሰምራለሁ። መስመር የሌለው አይወርድም፤ በእግሩ እየገፋ ይመለሳል። አባ ጠመኔ የሚለው ስሜም የወጣልኝ ከዚያ ነው። አንዱ «አባ ጠመኔ፣ ቶሎ በል እንጂ፣ እግሬ ቀዘቀዘ!» ሲለኝ «ሬሳህ ከዚህ ይብስ ይቀዘቅዛል፣ ቁም!» እለው ነበር። የአገሩ ሻምፒዮን የነበረው ሰውዬ ተራው እስኪደርስ ሦስት ጊዜ ሽንቱን ይሸና ነበር። እናንተ ካልሲያችንን መለሳችሁ፣ ጢማችንን መለሳችሁ፤ የፕሮግራሙ ወረቀት ላይ ግን «አናቱ ላይ ሳይቆም በቀጥታ ቁልቁል» የሚል አነበብኩ። ለምን ብዬ ስጠይቅ ቆሞ መጠበቅ ለበራሪዋ ካሜራ እንደማያምር ተነገረኝ። ካሜራዋ የምትወደውን ማወቄ አስደስቶኛል።

ሦስተኛ፦ በየግድግዳው ስለለጠፋችሁት ፖስተር። ፎቶው ላይ አንድ እግሩን ፔዳል ላይ ጭኖ ጥርሱን የሚያሳየው ልጅ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሳቂታው ነበር የምንለው፤ ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። ፎቶው የተነሣው ቁልቁለቱ አናት ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የተነሣው ሌላ ፎቶ የለውም። የዛሬ አርባ አንድ ዓመት በሕይወት የወጣውን መንገድ በሕይወት አልወረደውም። የፎቶ ባለሙያዎ ሥዕሉን ሲያጸዳ የፊት ጎማው ላይ የነበረችውን ነጭ መስመር እድፍ መስላው አጥፍቷታል። እድፍ መሆኗን በአንድ እይታ ስላወቀ ዓይኑ ይባረክ። እኔ አርባ አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል።

አራተኛ፦ ብስክሌቱ። ከሁለት ወር በፊት ሰዎችዎ በክለባችሁ ከምትነዳው የልጅ ልጄ ጋር ቤቴ መጥተው «ለኤግዚቢሽን፣ ለእይታ ብቻ» ብለው ሳቂታው የሞተበትን ብስክሌት ከግድግዳዬ ላይ አወረዱ። የልጅ ልጄ ዓይን ዓይኔን ስታየኝ እምቢ ማለት አቃተኝና ሰጠሁ። በፊት ጎማውና በሹካው መሐል ጎማው እንዳይሽከረከር ሰባት ጊዜ የዞረ ወፍራም ሽቦ ነበረበት፤ «ይህን እንዳትነኩ» አልኩ፤ «ችግር የለም አባባ» አላችሁ። በሳምንቱ ሽቦው አስቀያሚ ነው ተብሎ ተቆረጠ፤ ብስክሌቱ አረንጓዴ ተቀባ፤ «መሪ ብስክሌት» ተባለ። እሁድ ከሁሉ ፊት የሚነዳው ሰውም ተመረጠ፤ የልጅ ልጄ ናት።

በደስታ እየበረረች መጣች፤ «አባባ፣ የአያቴን ወንድም ብስክሌት ይዤ የምመራው እኔ ነኝ!» አለችኝ። «አትሄጂም» አልኳት። «ለምን?» አለችኝ። ካልሲዬን ማጣጠፍ ጀመርኩ። እሷም መልሱን ራሷ ሞላችው፦ «ሴት ስለሆንኩ ነው አይደል? አንተም እንደነሱ ነህ!» ብላ በሩን ወርውራብኝ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ አታናግረኝም። ክቡርነትዎ፣ ሴት ኮርቻ ላይ ስትወጣ ሰው ድንጋይ በሚያነሣበት ዘመን ባለቤቴን ይዤ በዋናው መንገድ ላይ ብስክሌት ያስተማርኩ እኔ ነኝ። ያን ስድብ ግን ዋጥኩት፤ እውነተኛው ምክንያት ከስድቡ ይከፋ ነበርና።

ወደ መልስዎ ልምጣ። ብስክሌቱ እንዳይነዳ ለጻፍኩት ሁለተኛ ደብዳቤ ማኅተም ያረፈበት ሦስት መስመር ደርሶኛል፦ በክለቡ መዝገብ መሠረት ብስክሌቱ ከአደጋው በኋላ ተመርምሮ ጤነኛ ሆኖ ተገኝቷል፤ አደጋው የደረሰው በጠጠር ምክንያት ነው፤ ለዚህም የመካኒኩ የጣት አሻራ በመዝገቡ ላይ ይገኛል። መዝገብ አክባሪ ሰው በመሆንዎ እጅ እነሣለሁ። ጣቱ የእኔ ነው፤ ጠጠር ግን አልነበረም።

የሚከተለውን ቁጥር አልሰጠውም፤ ከምስጋናዎቹ ጋር አይቆጠርም። ያን ቀን ሹካውን በመፍቻ ቆርቆር ሳደርገው እንደ ተሰነጠቀ ገንቦ የታፈነ ድምፅ ሰጠኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ከአንገቱ ሥር እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አየሁ። «ይሄ አይወርድም» አልኩት። ሳቂታው ሳቀና ትከሻዬን ይዞ «ጋሼ፣ ዛሬን ብቻ፤ ነገ ታስበይደዋለህ፤ ታች እኮ ሰው ይጠብቀኛል» አለኝ። ከኋላ ያሉት መጮኽ ጀመሩ። ልጁን እወደው ነበር፤ የወደዱትን ሰው በሰው ፊት ማሳፈር ከበደኝ። መስመሯን አሰመርኩ። በሦስተኛው መታጠፊያ ሹካው ከዳው።

መርማሪዎቹ የሚመጡት በማግስቱ ነበር። ብስክሌቱን ሱቄ አስገብቼ ሹካውን አቃናሁ፣ ስንጥቁን በማጣበቂያ ሞላሁ፣ በላዩ ላይ ቀለም ቀባሁ። ሲመጡ «ጠጠር ነው» አልኩና ጣቴን ቀለም አስነክቼ አተምኩ። እንግዲህ የሞተ ብስክሌት ቀብቶ ጤነኛ በማስመሰል ረገድ ከእናንተ አርባ አንድ ዓመት እቀድማለሁ፤ ከክለቡ ሽልማት የሚገባኝ ከሆነ ለዚህ ነው። በወሩ ባለቤቴ ሽቦና ፒንሳ ይዛ ሱቄ ገባች። ማንም አልነገራትም፤ ፊቴን አንብባ ነው። ሰባት ጊዜ አዙራ አጠበቀችውና «ይሄ ከዚህ ቤት አይወጣም» አለች፤ እስክትሞት ድረስ በዚያ ላይ አንድ ቃል አልጨመረችም። ከዓመታት በኋላ ለምን በግድ ፊደል እንዳስቆጠረችኝ የገባኝ በዚህ ሳምንት ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። ከዚያ ከሚሽከረከረው ወንበር ተነሥተው ብስክሌቱ ወዳለበት አዳራሽ ይውረዱ፤ ከሹካው አንገት ሥር በግራ በኩል አረንጓዴውን ቀለም በጥፍርዎ ይፋቁት፤ ከሥሩ የእኔን ጥቁር ቀለም ያገኛሉ፤ እሱንም ይፋቁት። የሚያዩትን አይተው ከዚያ በኋላ ስለ ድሮ ዘመን ጀግንነት ንግግርዎን ይቀጥሉ። ይህ ለክቡርነትዎ የማይመች ከሆነ ቅር አይለኝም። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ በእግሬ መውጣት እጀምራለሁ፤ በየመታጠፊያው አርፋለሁ፤ ሦስተኛው ላይ ትንሽ ረዘም አድርጌ እቀመጣለሁ። እሁድ እናንተ ስትደርሱ አናቱ ላይ መንገዱ መሐል ቆሜ ታገኙኛላችሁ። በእኔ ላይ ካልሆነ በቀር የሚያልፍ የለም፤ ለካሜራዋም ቢሆን የሚያምር ነገር ይሆንላታል።

ክለባችንን ያኑርልን፤ ወንበርዎን ያጽናልዎ፤ የማስታወስ ችሎታችሁንም ከካልሲ ከፍ ያድርግላችሁ እያልኩ፣ በመዝገባችሁ በጣቴ፣ በዚህ ወረቀት ግን በገዛ እጅ ጽሑፌ የምፈርም፣

የቀድሞው የክለቡ መካኒክ
አባ ጠመኔ

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ዕዳዬን ለሌላ ሰው ጥዬ መሄድ ስለማልወድ፣ ራሴ የምከፍላቸውን ከዚህ በታች እጽፋለሁ። ለበር ጥበቃዎ፣ ሦስት ጊዜ ለተቀመጥኩበት ወንበር አንድ ይቅርታ፤ በኔ ምክንያት ስንት ጊዜ እንደዋሸ እሱም ያውቃል። ለመዝገባችሁ፣ «ጠጠር» የሚለው ቃል የሚሰረዝበት አንድ ጭረት። ለልጅ ልጄ፣ «ለምን?» ብላ ለጠየቀችኝ መልስ፤ ሰሌዳው ላይ ከመለጠፌ በፊት አንዱን ቅጂ በበሯ ሥር አስገብቼዋለሁ፣ በሩ እስካሁን አልተከፈተም። ለባለቤቴ፣ ሰባት ዙር ሽቦ። ለሳቂታው፣ አርባ አንድ ዓመት የዘገየ «አትወርድም»። ለክቡርነትዎ ደግሞ መሪ ብስክሌትዎን፣ ከአንገቱ ላይ ለሁለት ተቆርጦ። ለብረት መጋዙ አዲስ ምላጭ ገጥሜለታለሁ፤ ጠመኔውን ግን ቤት ትቼው ነው ወደ አናቱ የምወጣው።