ፀሐዩ የተሸጠበት ግቢ፦ የወይዘሮ ቱርዲስ ሃልሴት የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ቱርዲስ ሃልሴት ከአባታቸው ከመርከብ አናጺው ከአቶ አርንስታይን ሃልሴትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማግንሂል ኑርቪክ እ.ኤ.አ. ማርች 3 ቀን 1944 በክርስቲያንሱን ከተማ ተወለዱ። ከተማዋ በቦምብ ከነደደች አራተኛ ዓመቷን ይዛ ነበር። ቤተሰቡ የሚኖረውም ከስዊድን በእርዳታ በመጣ የእንጨት ቤት ውስጥ ነበር። ቤቱ ርካሽ ነው፤ መስኮቱ ግን በትክክለኛው ቦታ ስለተቀመጠ እናታቸው ዓሣ ሲያጸዱ መብራት አያበሩም። ወይዘሮ ቱርዲስ ዕድሜ ልካቸውን "ርካሽ ቤት ሁሉ መጥፎ መሆን አለበት የሚል አርክቴክት ሰነፍ ነው" ሲሉ የኖሩት ይህንን ቤት እያሰቡ ነው።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ ተከታትለው በ1963 ወደ ትሮንዳይም በመሄድ በሥነ ሕንፃ በ1968 ተመርቀዋል። በ1971 ከጀልባ መካኒኩ ከአቶ ኤይሊፍ ብራታስ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሱኒቫንና ጋውተን አፍርተዋል። ለአሥር ዓመት ያህል በሕዝብ ቤቶች ማኅበር ካገለገሉ በኋላ በ1979 በዚያው በትሮንዳይም የራሳቸውን ቢሮ ከፈቱ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ጋዜጣ "ገበያ የማይገባቸው፣ ግትር ባለሙያ ነበሩ" ብሎ ጽፏል። ይህ ውሸት ነው። ለስንብት በተሰበሰብንበት በዚህ ቤተ ክርስቲያንም ቢሆን ውሸት ውሸት መባል አለበት። በ1984 በከተማው ዳገት ላይ ያሉትን ስልሳ ቤቶች ሲነድፉ የቤቶቹ ሻጮች በጀቱ አልበቃ ብሎን ነው ብለው የደረጃውን መስኮቶች ሊደፍኑ ተነሡ። ወይዘሮ ቱርዲስ አልጮሁም። የስልሳውን ቤት የወጥ ቤት ቁምሳጥን አንድ ዓይነት አደረጉ፣ የውጭውን ግድግዳ በተራ ሳንቃ አለበሱ፣ በተረፈው ገንዘብ መስኮቶቹ እንዳይደፈኑ አደረጉ። ስልሳው ቤት በሁለት ሳምንት ተሸጦ አለቀ። ገበያ የማይገባው ሰው እንዲህ አያደርግም።

በ2007 አንድ የቤት አልሚ ድርጅት በቀድሞው የመርከብ መጠገኛ መሬት ላይ በግቢ ዙሪያ የሚቆሙ አራት ሕንፃዎችን እንዲነድፉ ቀጠራቸው። የድርጅቱን ስም ዛሬ እዚህ አንጠራም። ወይዘሮ ቱርዲስ የደቡቡን ሕንፃ ሆን ብለው ሦስት ፎቅ ብቻ አደረጉት። እንዲያ ከሆነ ፀሐይ በፌብሩዋሪ 16 ቀን የሰሜኑን ሕንፃ ምድር ቤት መስኮት ትነካለች። አምስት ፎቅ ከሆነ ግን እስከ ማርች 8 ድረስ አትመጣም፣ በመከርም በሦስት ሳምንት ቀድማ ትሄዳለች። በዓመት ስድስት ሳምንት መሆኑ ነው። ድርጅቱ "ስምዎ ያሻሽጥልናል፣ በሽያጭ መጽሔታችን ሽፋን ላይ እናውጣው" ሲላቸውም ተስማሙ። ጥሩ ሥራ በጥሩ ዋጋ መሸጥ አለበት ብለው ያምኑ ነበርና።

በ2008 የጸደይ ወራት የሰሜኑ ሕንፃ ቤቶች በሙሉ ተሸጡ። በመከር ላይ ድርጅቱ በደቡቡ ሕንፃ ላይ ሁለት ፎቅ ጨመረ። የከተማው አስተዳደርም ፈቀደ! ጉዳዩ በቀረበበት ስብሰባ ላይ የነበሩ ሰዎች የድርጅቱ የሽያጭ ኃላፊ አቶ ሮአር የተናገሩትን አይረሱትም።

"ስድስት ሳምንት ፀሐይ ለማን ምን ይፈይዳል? መብራት ያብሩ!" አሉ።

"አንተ ክረምቱን ፀሐይ በማይጠፋባቸው በካናሪ ደሴቶች ነው የምታሳልፈው። ገዢዎቹ ግን እዚሁ ናቸው" አሉ ወይዘሮ ቱርዲስ።

"እርስዎ ደግሞ መስበክ ይወዳሉ፣ እሜቴ። እኛ የምንሸጠው ቤት ነው እንጂ ፀሐይ አይደለም።"

"እስቲ መጽሔትህን ግለጠው!" አሉ ወይዘሮ ቱርዲስ። "የገና ዛፍ ቆሟል፣ በረዶ ወርዷል፣ ግቢው ግን በፀሐይ ተጥለቅልቋል። በዲሴምበር ትሮንዳይም ላይ እንዲህ ያለ ፀሐይ ያየ ሰው እጁን ያውጣ።"

እጁን ያወጣ አልነበረም። ከእሳቸው ሌላ ድርጅቱን የተቃወመም አልነበረም። በስብሰባው ላይ አራት አርክቴክቶች ነበሩ፤ አራቱም ወጥተው በመኪና ማቆሚያው ዘንድ እጃቸውን ጨብጠው "አበጀሽ" አሏቸው። ውስጥ ሳሉ ግን ምላሳቸው የት ነበር?

ወይዘሮ ቱርዲስን ያመማቸው ሌላ ነገር ነው። ከሰሜኑ ሕንፃ ምድር ቤት አንዱን ክፍል የገዙት ጡረታ የወጡት የከተማ ባቡር ሾፌር ወይዘሮ አስላውግ መንገድ ላይ አስቁመዋቸው፣ "ቱርዲስ እህቴ፣ እኔ እኮ ሽፋኑ ላይ ስምሽን አይቼ ነው የገዛሁት። ሌላውን ወረቀት ከፍቼም አላየሁት" አሏቸው። የዚያን ዕለት ወይዘሮ ቱርዲስ ምሳ አልበሉም። ለባለቤታቸውም "ስሜን ሰርቀውኝ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። እኔ ነኝ የሰጠኋቸው" አሉ።

በፌብሩዋሪ 2009 ከሥራው ለቀው ስማቸው ከመጽሔቱ እንዲወርድ በደብዳቤ ጠየቁ። ድርጅቱ ደብዳቤውን ተቀብሎ ስማቸውን በትልልቅ ፊደል አሳተመ።

በሴፕቴምበር የደቡቡ ሕንፃ ጣሪያ ቆመ። እንደ አገራችን ወግ ጣሪያ ሲቆም ባለቤቱ ሠራተኞቹን ያበላል፣ አናጺዎቹም አናቱ ላይ የቅጠል አክሊል ይሰቅላሉ። ድርጅቱ ግን ድግሱን ለገዢዎችና ለጋዜጠኞች በሆቴል አድርጎ ለአናጺዎቹ በአጥሩ በኩል ቋሊማ በወረቀት አቀበላቸው። አናጺዎቹም ለስስታም ባለቤት በወጉ የሚገባውን አደረጉ፤ በአክሊሉ ፋንታ ከረባት ያሰሩለት የገለባ ሰው ሰቀሉ። የአናጺዎቹ አለቃ አቶ ኦድቫር በዚያ ሲያልፉ ያዩዋቸውን ወይዘሮ ቱርዲስን ከላይ ሆነው ተጣሩ።

"እትዬ ቱርዲስ! ቀና ብለው ይዩልን እስቲ፣ አማረበት?"

"ሆዱ ትንሽ አነሰ" አሉ እሳቸው።

የድርጅቱ ማስታወቂያ ሠሪዎች ከኦስሎ የመጡ፣ አንድም ቀን አናጺ አጠገብ ቆመው የማያውቁ ልጆች ነበሩ። የገለባውን ሰው ጌጥ መስሏቸው ፎቶ አነሡት፤ በሚቀጥለው መጽሔት ሽፋን ላይም "በባህላችን የደመቀ" ከሚል ጽሑፍ ጋር አወጡት። መጽሔቱ በስምንት ሺህ ቤት ታደለ። ከተማው አንድ ወር ሙሉ ሳቀ። አቶ ሮአር ስልክ ደውለው፣

"እርስዎ ነዎት ያሰቀሉት!" ሲሉ ጮኹ።

"እኔ ብሆንማ ኖሮ" አሉ ወይዘሮ ቱርዲስ "የተሻለ ከረባት እመርጥለት ነበር።"

ሳቁ አለፈ፣ በቀሉ ግን አልቀረም። ከዚያ በኋላ በከተማው ውስጥ ሥራ የሰጣቸው አልሚ የለም። በ2011 ቢሮው ተዘጋ፤ ሰባት ሠራተኞች ተበተኑ። በመኪና ማቆሚያው ዘንድ እጃቸውን የጨበጡት ሰዎች ዛሬ በየጉባኤው ቆመው ገበያንና ጥራትን እንዴት ማመዛዘን እንደሚቻል ያስተምራሉ። ወይዘሮ ቱርዲስ ይህንን በስልሳው ቤት ላይ ሠርተው አሳይተዋል። ማመዛዘን ማለት ከቁምሳጥን ቀንሶ ለመስኮት መስጠት ነው። የአንዷን ጡረተኛ ፀሐይ ወስዶ ለሌላው መሸጥና በመጽሔት ላይ ፀሐይ መቀባት ግን ሌላ ስም አለው፤ ስሙም ማጭበርበር ነው።

ከ2012 ጀምሮ ለዘጠኝ ዓመታት ዘወትር ረቡዕ በቤተ መጻሕፍት ተቀምጠው ቤት ሊገዙ ያሰቡ ሰዎችን ያለ ክፍያ ሲመክሩ ኖረዋል። ሰዎች መጽሔታቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ እሳቸው አስቀድመው የሚጠይቁት "ሰሜኑ በየት በኩል ነው?" ብለው ነው። መልሱ መጽሔቱ ላይ ከሌለ "ውል ከመፈረምህ በፊት ሄደህ ቦታው ላይ ቁም፣ ልጄ" ይላሉ። ዛሬ በዚህ ከተሰበሰብነው መካከል በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡ ብዙዎች ናቸው።

በ2022 በቆሽታቸው ላይ ካንሰር ተገኘባቸው። ሕክምናቸውን በትዕግሥት ተከታተሉ። በኦክቶበር 2023 አልጋ ላይ ሳሉ ድርጅቱ "ግቢውን በስምዎ ልንሰይመው ነው" የሚል ደብዳቤ ላከ። ወይዘሮ ቱርዲስ ልጃቸውን ሱኒቫን አስቀምጠው መልሱን አስጻፉ። "ሁለቱን ፎቅ አፍርሱና ሰይሙት። አለበለዚያ ስሜን ተዉልኝ" የሚል ነው። 

በኖቬምበር 9 ቀን 2023 በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። በሦስተኛው ቀን ድርጅቱ ስማቸው የተቀረጸበትን የነሐስ ሰሌዳ በስጦታ ወረቀት ጠቅልሎ ለቤተሰቡ ላከ። የመልሱን ደብዳቤ እንዳላነበበ መሆኑ ነው። አቶ ኤይሊፍ በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ሰሌዳውን በክንዳቸው ሥር ይዘው አውቶቡስ ተሳፍረው ሄዱ፣ በድርጅቱ እንግዳ መቀበያ ጠረጴዛ ላይም አስቀመጡት። እዚያ ያለችው ሠራተኛ ለኃላፊዎቹ ምን ብላ እንደምትነግር ስትጠይቃቸው፣ "ስሙ የሚስቴ ነው፣ ግቢው ግን የእናንተ ነው በያቸው" አሉ። ይህ የቤተሰቡ የመጨረሻ መልስ ነው። የድርጅቱ ሰዎች ዛሬ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው እንዳሉ እናያለን። ለቅሶ መምጣታቸውን እናመሰግናለን፤ መልሱንም በጆሯቸው እንዲሰሙት እንፈልጋለን።

ወይዘሮ ቱርዲስ ባለቤታቸውን አቶ ኤይሊፍን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን እንዲሁም ታናሽ ወንድማቸውን አቶ ስታይናርን ትተው አልፈዋል።

የደከሙትን የሚያሳርፍ አምላክ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ መካከል ያኑርልን፤ ለቀረነውም መጽናናትን ይስጠን። ነፍሳቸው የእሱ ናት። ስማቸውን ግን እኛ እንጠብቃለን።