ቢጫ ሸሚዝህን ለዘንዶው ሰጠሁት

ጌትዬ፣ የኔ ጌታ፣

ደህና ነህ ወይ ብዬ እንዳልጀምር፣ አንተ ያለህበት ደህና ያልሆነ የለም ይላሉ። እኛ ግን ደህና ነን። ከተለየኸን ሁለተኛው ፋሲካ አለፈ። የመጀመሪያውን ዶሮ እያለቀስኩ ነበር የሠራሁት። ዘንድሮ ጨው አበዛሽ የሚለኝ ሰው የለም ብዬ ዘና ብዬ ሠራሁ፤ ጨው በዛ።

ፓልምስ ሠፈር ያለው ቤታችን እንዳለ ነው። በድርቁ ምክንያት ውኃ አታጠጡ ስለተባልን ግን በሩ ላይ ያለው ሣር ገለባ ሆኗል። ልጃችን ሜሮን ያንተን መኪና ድራይቭ ታደርጋለች፤ መስታወቱ ላይ የሰቀልካትን የጊዮርጊስ ሥዕልም አላወረደችም። ፓርክ ስታደርግ ግን ያንተ ልጅ አትመስልም። ዕድሜህን ሁሉ የሰው መኪና ስታቆም ኖረህ ለልጅህ ይቺን እንኳ ሳታወርሳት መሄድህ ይገርመኛል።

አንድ ነገር ብቻ አቅቶኝ ነበር፣ ቁም ሳጥንህ። ሜሮን ማሚ፣ ልብሱን ዶኔት እናድርገው፣ ሰው ይልበሰው ትለኛለች። እኔ ከጥምቀት በኋላ፣ ከፋሲካ በኋላ እያልኩ አስረዝማለሁ። በተለይ ያ ቢጫ ሸሚዝ። ገዝተኸው ስትመጣ ከከተማው ማዶ ኢንግልዉድ ያለ ሰው ሳይቀር ያይሃል ብዬ ስቄብህ ነበር። አንተ ደግሞ ለፓርኪንግ ሥራ ይኼ ነው የሚሻለው፣ ባለመኪናው እኔን ፍለጋ አይንከራተትም አልክ፤ እስኪሳሳ ድረስ ለበስከው። ካረፍክ በኋላ ቁም ሳጥኑን በከፈትኩ ቁጥር መጀመሪያ የሚታየኝ እሱ ነበር። ፈገግ ብዬ እከፍትና አልቅሼ እዘጋለሁ። ጥቁሬንም አላወለቅኩም። ያ ሸሚዝ ከቤት የወጣ ቀን ዳግም የምትሞትብኝ ይመስለኝ ነበር።

ሶ፣ ምን ሆነ መሰለህ። ፌርፋክስ መንገድ ላይ በርበሬ የምገዛበት ሱቅ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ሊን የምትባል አንዲት ቻይናዊት ሠዓሊ፣ አንተ በሩ ላይ መኪና ስታቆም ለኖርክበት፣ ሚራክል ማይል ሠፈር ላለው ሙዚየም ትልቅ ሥራ እየሠራች ነው፤ የሠፈሩ ሰው የሚወደው ሰው የለበሰውን ጨርቅ ይዞ ቢመጣ የሥራው አካል ታደርገዋለች ይላል። ሜሮን አነበበችልኝና ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ሸሚዙን በፌስታል ይዤ ሄድን። ቤተ ክርስቲያን አጠገቤ የሚቆሙት እትዬ አስካለም እኔ ሳላይ ምን ይሠራ ብለው ተከተሉን።

የምትሠራበት አዳራሽ ውስጥ ገና ስንገባ ከዳር እስከ ዳር የተጋደመ ዘንዶ ገጠመን። ቀንድ አለው፣ ጢም አለው፣ ዓይኑ ትሪ ያክላል። አጥንቱ ስስ ተደርጎ የተሰነጠቀ ቀርከሃ ነው፣ ቆዳው ወረቀትና ጨርቅ። የሊን አያት በአገራቸው ካይት የሚሉትን፣ በነፋስ የሚበረውን የወረቀት መጫወቻ ሠሪ ስለነበሩ ከእሳቸው ነው የተማረችው። ይህን ሁሉ የሰማሁት ግን በኋላ ነው። ያን ጊዜ አማተብኩና ፈረሰኛው የታለ ብዬ ጠየቅኩ። ዘንዶ ካለ ጊዮርጊስ አለ፣ ነጭ ፈረስ አለ፣ ጦር አለ፤ እኔ ሌላ ዓይነት ዘንዶ መች አይቼ አውቃለሁ። ገና ሠርታ ያልጨረሰችው ነበር የመሰለኝ። ሜሮን መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች፤ ቢሆንም አስተረጎመችልኝ።

ሊን አልሳቀችም። በእኛ አገር ዘንዶ አይገደልም አለች፤ ደመና ውስጥ የሚኖር፣ ሰው ለምኖት ዝናብ የሚያወርድ ነው። ገለባ የሆነውን ሣራችንን አሰብኩና ዝናቡንስ ባልጠላሁ አልኩ። ሸሚዝህን ግን ደረቴ ላይ ለጥፌ ያዝኩ። ስለቱን ሁሉ ለጊዮርጊስ ሲያገባ የኖረ ባሌን ዘንዶ ላይ ልለጥፈው? እትዬ አስካለ ጭራሽ አባባሱት፤ ከጊዮርጊስ ጋር ኖሮ ኖሮ አሁን ዘንዶ ሊጋልብ ነው አሉ። ሜሮንን ነይ እንሂድ አልኳት።

ሊን ግን ትንሽ ቆዩ ብላ ወደ ጅራቱ ወሰደችን። ጅራቱ የዓሣ ነው። በአገሯ ተረት ዓሦች ወንዙን ሽቅብ ይዋኛሉ፤ ፏፏቴው ጋ ሲደርሱ ብዙዎቹ ይመለሳሉ፣ ዘሎ ያለፈው ዘንዶ ይሆናል። የእሷ ዘንዶ ገና እየዘለለ ስለሆነ ወደ ኋላ ያለው ዓሣ ነው።

ጌትዬ፣ ዓሣ ስትል ሳቄ አመለጠኝ። ሰው እስኪደነግጥ ሳቅኩ። በየዐቢይ ጾሙ የምንጨቃጨቅበትን ማን ነገራት ብዬ ነው። አንተ ዓሣ ሥጋ አይደለም፣ ይበላል ትላለህ፤ እኔ ትንፋሽ ያለው ሁሉ አይበላም እላለሁ፤ አንተ ደግሞ ዓሣ መቼ ሲተነፍስ ሰማሽው ትለኛለህ። ጾም ገብቶ እስኪፈታ ወሬያችን ይኼው ነበር። እትዬ አስካለን ዘንዶው ላይ አይደለም፣ ዓሣው ላይ ነው የሚሆነው አልኳቸው። ኦኬ፣ ዓሣ ከሆነስ ወዳጁ ነው አሉ።

መቀሱን እኔ ልያዝ አልኩ። ሜሮን እጅጌውን ወጥራ ያዘችልኝና በርቺ ማሚ አለችኝ። ቆረጥኩ። የፈራሁትን ያህል አላመመኝም። ሸሚዙን ለጅራቱ ቅርፊት እንዲሆን በትንንሹ ቆራረጥነው፤ አንዱን ቅርፊት ግን ከነኪሱ ቆረጥነው፤ እስክሪብቶህ ቀለም የተፋበትን፣ አጥቤ አጥቤ አልለቅ ያለኝን።

ሥራው ለሰው የታየ ዕለት ሦስታችንም ሄድን። ሙዚየሙ ጣሪያ ሥር ተንሳፍፏል፤ ኤሲው ሲነፋ ጅራቱ ይወዛወዛል። አንተ ስንት ዘመን ውጭ ቆመህ ሌላውን ሰው ስታስገባ፣ እስኪ አንድ ቀን ግባ ስልህ ነገ ነገ እንዳልክ ቀረህ። አሁን ጣሪያ ላይ ወጥተህ ሰው ሁሉ አንጋጦ ያይሃል። አንዲት ትንሽ ልጅ ዓሣው ኪሱ ውስጥ ምን ይይዛል ብላ እናቷን ጠየቀቻት። እናትየው አላወቀችም። እኔ አውቃለሁ፤ እስክሪብቶ፣ ማስቲካና የሰው መኪና ቁልፍ። እትዬ አስካለ ብዙ ሲያዩ ቆዩና ድሮም ከሩቅ የሚታይ ሰው ነበር አሉ። ያኔ አለቀስኩ፤ ግን ደስ ብሎኝ ነው።

የቀረው ልብስህ ለሰው ተሰጠ። ጥቁሬንም አወለቅኩ፤ ሸሚዝህ በነበረበት ቦታ ያቺ የምትወዳት ሰማያዊ ቀሚሴ ተሰቅላለች። ዘንዶው በቅርቡ ታጥፎ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል ብለውኛል። አልከፋኝም። ዳግም አልሞትክብኝም፣ መንገድ ወጣህ እንጂ።

በሚመጣው ጾም ዓሣ ትበላለች ብለህ ግን እንዳትጠብቅ። ጾም በገባ ቁጥር ማዕዱ ላይ ተቀምጬ እከራከርሃለሁ፤ ሜሮን አበደች ብትለኝም ያንተን መልስ ራሴ እመልሳለሁ። እንዲህ እየጨቀጨቅኩህ እንዴት ብዬ እረሳሃለሁ? ስንገናኝ የሚያውቀውን እንጠይቃለን። እስከዚያው ግን አይበላም።

ያንተዋ አልማዝ