የኳስ ቀን ሜዳዬን ስሸጥ

ረቡዕ፣ ኦገስት 23

ሜዳውን አጨድኩ። ግማሹን ጠዋት፣ ግማሹን ከምሳ በኋላ። ትራክተሯ ላይ ስወጣ ጉልበቴ ሲንቋቋ ሰማሁት... ወይስ ትራክተሯ ናት? ሁለታችንም አርጅተናል።

ከአጥሩ ወዲያ ተማሪዎቹ ተመልሰዋል። ፍራሽ በጭንቅላታቸው ተሸክመው ይተራመሳሉ። አባቴ እዚህ በቆሎ ሲዘራ ዩኒቨርሲቲው ከኮረብታው ማዶ ነበር። አሁን አጥሬ ድረስ መጥቷል። ስታዲየሙ ከወጥ ቤቴ መስኮት ይታያል።

ጄኔል ደወለች። ልጄ ከኦማሃ በሳምንት ሁለቴ ትደውላለች፣ ሁለቱንም ጊዜ ስለ መሬቱ።

"አባዬ፣ አሰብክበት?"

"እያሰብኩ ነው።"

"ከፋሲካ ጀምሮ እያሰብክ ነው እኮ! ግብሩ በየዓመቱ ይጨምራል። ጉልበትህ አልቋል። ጣሪያው ያፈሳል። ደግሞ ብቻህን..."

ብቻህን ስትል ድምጿ ይለሰልሳል። እናቷ ማርሊስ ከሞተች አራት ዓመት ሆነ።

ኩባንያው ቤቱንም ሜዳውንም ይፈልጋል። አፍርሶ ባለ አራት ፎቅ የተማሪዎች አፓርትመንት ሊሠራበት። ከኩባንያው የምትመጣው ልጅ ኬንድራ ትባላለች። ጨዋ ናት፣ ስታናግርህ ዓይንህን እያየች ነው። ዋጋውም ጥሩ ነው። ጄኔልም ትክክል ናት። ታዲያ ለምን አልፈርምም?

ለምን እንደሆነ አውቀዋለሁ፣ ለማንም አልናገረውም እንጂ። በመከር ወራት፣ የዩኒቨርሲቲው ቡድን ጨዋታ ባለበት ቅዳሜ ሁሉ ሜዳዬ ስታዲየም በሚገባ ሰው መኪና ይሞላል። ሰው ይመጣል። በስሜ ይጠሩኛል፣ ከጨዋታው በፊት መኪናቸው ጋ ምግብ አብስለው ብላ ጠጣ ይሉኛል። የቀረውን ዓመት በሬን የሚያንኳኳ ፖስተኛው ብቻ ነው። ሜዳውን ከሸጥኩት ማን ምን ብሎ ይመጣል?

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 2

የመጀመሪያው ጨዋታ። ገና ሳይነጋ ብርቱካናማዋን ሰደርያ ለብሼ መንገድ ላይ ቆምኩ። እጄን ሳወዛውዝ ዋልኩ። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ጠጋ በል፣ ጠጋ... ቁም! አንድ ፕሮፌሰር አለ፣ ዛሬም አጥሩን ገጨው። በየዓመቱ ይገጨዋል።

የፕሩዊት ቤተሰቦች እንደ ወትሮው ከሁሉም ቀድመው ደረሱ። ቦታቸው ከፖም ዛፉ ሥር ናት፣ ማንም አይነካባቸውም። ታሚ ከአባቷ ከመርል ጋር መምጣት ስትጀምር ስምንት ዓመቷ ነበር። አሁን የልጅ ልጅ አይታለች። መርል ካቻምና አረፈ፣ ልቡ ነው የገደለው። ልጆቹ ግን አልቀሩም። ታሚ ከመኪናው ኋላ ጠረጴዛ ዘረጋች፣ ወንድሟ ዴል ከሰል አቀጣጠለ፣ ቋሊማው መንጨርጨር ጀመረ።

"ጋሼ ኤልዶን! ይቺን ሰደርያ ለሠርግህም ለብሰሃት ነበር እንዴ?"

"ያኔ ትሰፋኝ ነበር።"

ዴል ቢራ አቀበለኝ። ሥራ ላይ ነኝ አልኩት።

"ሥራህ እጅ ማወዛወዝ አይደል? በአንዱ ጠጣ፣ በሌላው አወዛውዝ!"

ልነግራቸው ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። እንደዚያ እየሳቁ እንዴት ብዬ...

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 4

ቆሻሻ ስለቅም ዋልኩ። ጣሳ፣ የወረቀት ሳህን፣ አንድ የሕፃን ጫማ።

ኬንድራ ደውላ ቀያሾች ልላክ ወይ አለች። ላኪ አልኳት። ማስቀየስ መሸጥ አይደለም... አይደለም አይደል?

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 16

ምን ዓይነት ሞኝ ነኝ! ቀያሾቹ ሐሙስ ዕለት ችካል ተክለው ሄዱ፣ ጫፉ ላይ ሮዝ ጥብጣብ ያሰሩበት። ከቅዳሜ በፊት እነቅለዋለሁ ብዬ ረሳሁት። አንዱ ልክ ከፖም ዛፉ ሥር።

ታሚ ገና ከመኪና ስትወርድ አየችው።

"ይሄ ምንድነው?"

"የቀያሾች ነው።"

"ምን ሊሆን?"

"ልሸጠው ነው፣ ታሚ። የተማሪ ቤት ሊሠሩበት።"

እሰይ፣ ተገላገልክ፣ ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ወይ ትቀልድብኛለች ብዬ። ዴልን ዞራ አየችው። ዴል መቆንጠጫውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ፣ ቋሊማው አረረ። ከዚያ ታሚ ወደ መኪናው ኋላ ሄደች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

ከጨዋታው ሲመለሱ ቻው እንኳ ሳይሉኝ ሄዱ።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 17

ተናድጃለሁ። መሬቱ የማን ነው? ግብሩን ማን ይከፍላል? ዝናብ ሲመጣ ባልዲ ይዞ ጣሪያ ሥር የሚሯሯጠው ማነው? እነሱ በልተው ጠጥተው ይሄዳሉ። እኔ ሰኞ ጣሳቸውን እለቅማለሁ።

...አይ። ንዴት አይደለም። የፈራሁት ነው የደረሰው። ገና ሳልሸጥ ሰዎቹን አጣሁ።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 20

ታሚ መጣች። ጨዋታ በሌለበት፣ በሥራ ቀን፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ነድታ። በር ላይ ቆማ ሳያት ሰው የሞተ መስሎኝ ደነገጥኩ።

"ጋሼ፣ አትቆጣኝ።"

"ማን ተቆጣ?"

"ፊትህ።"

ክንዴን ይዛ ወደ ፖም ዛፉ ወሰደችኝ።

"አባባ እዚህ ነው ያለው።"

"አውቃለሁ። አንዳንዴ መኪና ሳስገባ እኔም የሚያየኝ ይመስለኛል።"

"አይ ጋሼ... የምሬን ነው። እዚህ ነው ያለው። አመዱ።"

አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ።

"ስሞት አስከሬኔን አቃጥላችሁ አመዴን የኤልዶን ሜዳ ላይ በትኑት ይል ነበር፣ ሁሌ። እኛ ቀልድ መስሎን። ካቻምና፣ የመጨረሻው ጨዋታ ዕለት፣ አንተ ያን ትልቅ አውቶቡስ ልታስገባ ስትጮህ... ዴል ከቡና ቆርቆሮ ውስጥ አወጣው። አንድ ቢራም አፈሰስንለት። ልናስፈቅድህ ነበር እኮ! እንቢ ብትለንስ ብለን ፈራን።"

ሣሩን አየሁት። አጭር ነው፣ የተስተካከለ። ራሴ ነኝ የማጭደው።

"ታሚ... ሁለት በጋ ሙሉ መርል ላይ ትራክተር ስነዳበት ነበር ማለት ነው?"

አፏን በእጇ ያዘች። ሳቋ አመለጣት። እኔንም አመለጠኝ። ዛፉን ተደግፈን ሳቅን፣ ከዚያ እሷ ማልቀስ ጀመረች፣ እኔም ተከተልኩ። ከማርሊስ ቀብር ወዲህ ሰው ፊት አልቅሼ አላውቅም።

ስትሄድ "አትሽጥ አላልኩህም" አለችኝ። "ያንተ ነው። እንድታውቀው ብዬ ነው።"

ከሄደች በኋላ ኬንድራ የሰጠችኝን ፕላን ዘርግቼ አየሁ። በፖም ዛፉ ቦታ ላይ ምን ሊሆን ነው? የቆሻሻ ገንዳ። ሁለት ትልልቅ የቆሻሻ ገንዳዎች።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 21

ኬንድራ ጋ ደወልኩ።

"አቶ ክሩገር፣ እንዴት አደሩ? ምን ልርዳዎት?"

"ከዛፉ ሥር ሰው አለ።"

"ሰው ማለት... ተቀምጦ?"

"ተበትኖ።"

የመርልን ታሪክ ነገርኳት። አልሳቀችም፣ አመሰግናታለሁ። አለቆቼን ልጠይቅ አለች።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 3

የአለቆቿ መልስ መጣ። የቆሻሻ መኪና በዚያ በኩል ነው የሚገባው፣ አይቀየርም። እንግዲያው አልሸጥም አልኩ። እንዲህ በቀላሉ ከአፌ ወጣ፣ ራሴም ገረመኝ።

ጄኔል ሰምታ ደወለች። እንደዚያ ስትጮህ ከአሥራ ስድስት ዓመቷ ወዲህ ሰምቻት አላውቅም።

"ለሰው አመድ ብለህ? አባዬ፣ በዓመት ስንት ቀን ነበር የምታየው?"

"ሰባት።"

"ሰባት ቀን!"

"አንቺንስ?"

ዘጋችው። እንዲህ ማለት አልነበረብኝም። እውነት ነው፣ ግን አልነበረብኝም።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 4

ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኳት። እሷም ጠየቀችኝ። "እዚያ ቤት ወድቀህ ማንም ሳያገኝህ እንዳትቀር ነው የምፈራው" አለች። ይህን እስከ ዛሬ እንዲህ ፊት ለፊት ብላኝ አታውቅም። እኔም እንደምፈራ አልነገርኳትም።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 14

ዝናብ። ሜዳው ጭቃ። ስድስት መኪና ገፋን።

አልሸጥም ማለቴን ለፕሩዊቶች ነገርኳቸው። ደስ ይላቸዋል ብዬ... ታሚ ተቆጣችኝ!

"በእኛ የተነሳ በዚያ በሚያፈስ ቤት ልትሞት ነው? አባባ ይህን ቢሰማ ከሣሩ ተነስቶ ነበር የሚያንቅህ።"

"ይነሳና ይነቀኝ። መኪና የሚገፋ ሰው አጥቻለሁ።"

ዴል ግን አልሳቀም። "ቆፍረን እናውጣው እንዴ?" አለ ቀስ ብሎ። ምኑን ነው የሚያወጣው? ሣር ሆኗል እኮ።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 8

ኬንድራ ሳትደውል መጣች። አዲስ ፕላን ይዛ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። ገንዳዎቹ በወዲያኛው ጫፍ ሄደዋል። ዛፉ ውስጡ ባዶ ስለሆነ መቆረጡ አይቀርም። ቦታው ግን ሣር ሆኖ ይቀራል፣ አንድ አግዳሚ ወንበር ይቀመጥበታል። ሕንፃ አይነካውም። ውሉ ላይም ተጽፏል።

"አለቆችሽን እንዴት አደረግሻቸው?"

"የዝናብ ውሃ የሚወርድበት ቦታ ነው፣ አይሠራበትም አልኳቸው።"

"ውሸታም።"

"ቢራ ወርዶበታል ብለውኝ የለ?"

ይቺ ልጅ! ድንች በስጋ ሾርባ ነበረኝ፣ ካልበላሽ አትሄጂም አልኳት። ደግማ በላች። ያን ሁሉ ሳምንት ስትከራከር እንደቆየች የነገረችኝ በሁለተኛው ሳህን ላይ ነው።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 18

የመጨረሻው ጨዋታ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ሰዎች እየመጡ ጨበጡኝ። አጥሬን የሚገጨው ፕሮፌሰር አቀፈኝ፣ ከዚያ ሲወጣ ገጨው።

ለታሚና ለዴል አዲሱን ፕላን ነገርኳቸው። ዴል አሰበበት።

"ማለት... ተማሪዎቹ በየቅዳሜው እዚህ ሣር ላይ ቁጭ ብለው አባባ ላይ ቢራ ሊጠጡ ነው?"

"ይመስለኛል።"

"ከገነት ይሻላል።"

ታሚ ጉንጬን ሳመችኝ። ኮፍያዬን አውልቄ ትንሽ ቆምኩ። ሲመሽ ሁሉም ሄዱ። የመጨረሻዋ መኪና መብራት ከመንገዱ እስኪጠፋ እጄን አወዛወዝኩ። ምን ቀረኝ እንግዲህ?

ሰኞ፣ ኖቬምበር 27

ፈረምኩ።

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 20

ኦማሃ። ከጄኔል ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ፣ ሙቅ አፓርትመንት። ጣሪያው አያፈስም። ደረጃ የለውም። ከመስኮቴ የሚታየው የሌላ ሰው መስኮት ነው። ጄኔል በየቀኑ ትመጣለች። ደስ ይላል። የምሬን ነው፣ ደስ ይላል።

ግን ማንም ጋሼ ብሎ አልጠራኝም።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 20

ኳስ ሊጀመር ነው። ማንም አልደወለም። ለምንስ ይደውሉ? ሜዳ የለኝ። ሰው የሚመጣልህ መኪና የሚያቆምበት ሜዳ ስላለህ ነው፣ ይህን ማወቅ ነበረብኝ።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 1

እስቲ ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ትናንት ገና ሳይነጋ በሬ ተደበደበ። ጄኔል መስላኝ በውስጥ ሱሪ ከፈትኩ። ዴል!

"ጋሼ፣ ገና አልለበስክም? ይረፍድብናል!"

ታሚ መኪና ውስጥ ጥሩምባ ታሰማለች፣ ጎረቤቱን ሁሉ ቀሰቀሰች። ለካ የሚኖሩት ከከተማው ወንዝ ወዲያ ነው፣ ከእኔ ሃያ ደቂቃ። ያን ሁሉ ዓመት ሩቅ መሆኑን እንጂ ከየት እንደሚመጡ ጠይቄያቸው አላውቅም፣ መኪናቸውን ብቻ ነው የማውቀው። አድራሻዬን ከኬንድራ ተቀብለው፣ ለጄኔል ነግረው፣ ለእኔ ግን እንዳይነገር ብለው...! ሦስት ሰዓት ነዳን። ታሚ መንገዱን ሁሉ ስታወራ፣ ዴል መንገዱን ሁሉ ሲበላ።

ሜዳው በቆርቆሮ ታጥሯል። በቀዳዳ አጮለቅን። ጉድጓድ፣ ብረት፣ ክሬን። በወዲህኛው ጥግ ግን ገመድ የዞረበት ቁራጭ ሣር አለ። ታሚ "እንደምን አደርክ አባባ" አለችው። ዴል አንድ ጣሳ ቢራ በአጥሩ ላይ አሻግሮ አፈሰሰ፣ የጥበቃው ሰው ጮኸብን።

ከዚያ እናንተ ጨዋታው ግቡ፣ መኪናው ጋ እጠብቃችኋለሁ አልኩ። ሁልጊዜ የምጠብቀው እኔ ነኝ። ስታዲየሙ አጠገብ ዕድሜዬን ሙሉ ኖሬ ጨዋታ ቀን ውስጡ ገብቼ አላውቅም። መኪናውን ማን ይጠብቃል? ማን ነጥብ እንዳስቆጠረ በጩኸቱ ነበር የማውቀው።

"ምን ልትጠብቅ?" አለች ታሚ። "ማንም የማይሰርቀውን መኪና?" ትኬት እጄ ውስጥ አስገባች። "የአባባ ወንበር ናት፣ በየዓመቱ እንከፍልባታለን። ሁለት ዓመት ኮታችንን ስናስቀምጥባት ነው የኖርነው።"

ኮታቸውን አንስተው አስቀመጡኝ። ወንበሯ ትንሽ ጠባብ ናት፣ መርል ቀጭን ነበር። ሁለቱ በግራና በቀኝ። ልጆቻችን ነጥብ ሲያስቆጥሩ መላው ስታዲየም ተነሳ። ጉልበቴ እየተንቋቋ እኔም ተነሳሁ። ከውስጥ ሲሰማ ጩኸቱ ጆሮ ብቻ አይደለም፣ ደረት ውስጥ ይገባል። ምን እንደጮህኩ አላውቅም። ጮህኩ።

አሁን ጄኔል ደወለች።

"አባዬ፣ ድምፅህ ምን ሆነ? ታመህ ነው?"

"አይ" አልኳት። "ሰው ጋ ውዬ ነው።"