ቤዝ የማይፈልግ ሰው

ሰኞ፣ ሰኔ 3

ስፒከር! ደረጀ ስፒከር ልግዛ ይለኛል። ምሳ ላይ ነው፤ ከሳህኑ ቀና ሳይል «ለሳሎኑ ጥሩ ስፒከር ብንገዛስ?» አለ። ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ስኖር አንድ ዘፈን ከዳር እስከ ዳር ሲያዳምጥ አይቼው አላውቅም። በሠርጋችን ቀን እንኳ ድምፁን ቀንሱት ያለ ሙሽራ ነው። የፍርድ ቤት አስተርጓሚ አይደል? ቀኑን ሙሉ የሰው አማርኛ ወደ ኦሮምኛ፣ የሰው ኦሮምኛ ወደ አማርኛ ሲመልስ ይውልና ቤት ሲገባ የሚፈልገው ፀጥታ ነው።

ለምን አልኩት። ዜና ልሰማበት አለ። ለዜና ቴሌቪዥኑ ምን አነሰው? ገንዘቡስ? ለኦቨርሎክ ማሽኔ መግዣ ካስቀመጥነው ላይ መሆኑ ሳይናገር ገባኝ። የመጋረጃ ጠርዝ ለማስጠረዝ የሰው ደጅ መጥናት እንዴት እንደሰለቸኝ እያወቀ!

«እናያለን» አልኩት። እፎይ ሲል አየሁት። ስፒከር የሚፈልግ ሰው እንዲህ ሲባል ደስ ይለዋል እንጂ እፎይ አይልም።

ሰሞኑን ያየሁበትን ልጻፈው፦

ስልክ ሲደወልለት ጓሮ ወጥቶ ነው የሚያነሳው።

ባለፈው ሐሙስ ኡካ ተዘዋዋሪ ችሎት አለ ብሎ ሄዶ አደረ። ዓርብ ማታ ሲመለስ ጫማው ላይ ጭቃ የለም። በዚህ ዝናብ ከኡካ የመጣ ጫማ!

ሳወራው አፍ አፌን ያየኛል። እንዲህ ያየኝ የነበረው ሳንጋባ ነው። በዚህ ዕድሜ ሚስቱን እንዲህ የሚያይ ወይ የደበቀው ነገር አለ ወይ ሊደብቅ ነው።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 4

ቀድሜው ሙዘሚል ሱቅ ሄድኩ፤ መናኸሪያው አጠገብ ያለው የስልጤ ልጅ። ገና ሳልቀመጥ «እትዬ ጽጌ፣ ዓርብ ለዓረፋ አገሬ እገባለሁ፤ ስመለስ በዚህ ዋጋ አያገኙትም» አለኝ። የሚያጣድፍ ነጋዴ አልወድም። እኔም ነጋዴ ነኝ፤ መቼ እንደምናጣድፍ አውቃለሁ።

ከወገቤ በላይ የሚደርስ፣ መብራት የሚያበራና የሚያጠፋ ስፒከር አሳየኝ። ሲከፍተው ድምፁ ደረቴ ውስጥ ገባ። ኃይሉን ከካርቶኑ ላይ አነበበልኝ። አጠገቡ ያለውን ትንሹን ካርቶን ሳይ ያው ቁጥር ተጽፎበታል። ይኼስ ብዬ ብጠይቀው ሳቀና «ካርቶን ምን ያውቃል፣ ጆሮዎን ይመኑ» አለ። ጆሮዬን እንዳላምን ያደረገኝ እኮ እሱ ነው፤ ሁሉንም በአንድ ዘፈን ነው የሚያሰማው፣ ያውም እስከ ጥግ ከፍቶ። የሱቁ ግማሽ ደግሞ ፍራሽ ነው። ማሚቶውን በሚውጥ ፍራሽ መሐል ምን የማያምር ድምፅ አለ?

ከዚያ ባሌ የቱን እንደወደደ ጠየቅኩት።

«ጋሽ ደረጀ ግራ አጋብተውኛል» አለ። የመቱ ሰው ሁሉ ቤዝ ቤዝ፣ ወፍራሙን ድምፅ ጨምርልኝ እያለ ሲገባ እሱ ቤዙን አጥፋልኝ ይለዋል። በተደጋጋሚ መጥቷል። ዘፈን አያስከፍትም። የራሱን ስልክ ይሰካና የሴት ድምፅ ይከፍታል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል።

የምን ሴት አልኩ።

«አትዘፍንም፣ ታወራለች።» ይህን ካለ በኋላ ፊቴን አየ መሰለኝ «የሃይማኖት ትምህርት ይሆናል» ብሎ ካርቶን ማስተካከል ጀመረ።

ከሰዓት በኋላ የሰፋሁትን መጋረጃ በሙሉ ተርትሬዋለሁ። ጠማማ ነበር።

ረቡዕ፣ ሰኔ 5

ጫልቱ መጣች። ከሱቄ ቀጥሎ የያዮ ማር የምትሸጠው ናት፤ በጣራ ውኃ መውረጃ ተጣልተን ሰላምታ ካቆምን ሰንብተናል። ዛሬ ግን የራሷን ዱካ ይዛ መጥታ ቁጭ! «ያ ጽጌ፣ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ብላ ጀመረች። ወንድሟ ባለፈው ዓርብ ደረጀን ጅማ አይቶታል። መናኸሪያ፣ ብቻውን፣ አንገቱን ደፍቶ።

ጅማ! ኡካ የት፣ ጅማ የት!

ለጉዳይ ልኬው ነው አልኳት። «ዱጋ?» አለች። እውነት ነው አልኩ፣ ጨርቅ ሊያይልኝ ነው። ፈገግ ብላ ሄደች። ጫልቱንም አላምናትም፤ ለወራት ሰላም የነሳችኝ ሴት ዛሬ ምን አስቸኮላት? ግን የጫማውን ጭቃ እሷ አልጠረገችው።

እሱ ሲታጠብ የኮቱን ኪስ ፈተሽኩ። አፍሬያለሁ፣ ግን ፈተሽኩ። ከረሜላ። ደረጀ ከረሜላ ይበላል? ለማን ነው? አንዱን ራሴ በላሁት።

ሐሙስ፣ ሰኔ 6



ደረጀ ከሥራ ሲወጣ ሙዘሚል ጋ መታወቂያውን አስይዞ ትልቁንም ትንንሾቹንም በባጃጅ ጭኖ መጣ። ቤታችን ሳንሞክር አንገዛም አለ። በልቤ ጎበዝ አልኩት፤ ብናደድበትም አስተዋይ ነው።

ትልቁን ከፈትን። ጉድ! ጣራችን ቆርቆሮ፣ ኮርኒስ የለው፣ ወለሉ ሊሾ፣ ግድግዳው ባዶ። የቡፌው ብርጭቆ ተንጫጫ። ዜና አንባቢው በርሜል ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ይመስላል። ያን ያህል ገንዘብ ለበርሜል! ቶሎ ነቀልነው።

ትንንሾቹን ጥግና ጥግ አስቀመጣቸው። አሁንም አፍኖታል። ከግድግዳው አራቃቸው፣ ዱካ ላይ አወጣቸው፣ ወንበሩን መሐል ጎትቶ በጆሮው ልክ ፊት ለፊቱ አደረጋቸው። ተሻለ። ግን ድምፁ እየነጠረ ይመለሳል። ለሆቴል የሰፋሁት ወፍራም መጋረጃ አልጋ ላይ ነበር፤ አንስቼ ባዶው ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ያኔ ቃሉ አንድ በአንድ ጠርቶ ወጣ። ኮርኒሱን በማዳበሪያ ጨርቅ ብናሰራው ደግሞ ከዚህም ይሻላል አልኩ። ኩርፊያዬን ረስቼ ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም።

ዝናቡ መጣ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሁሉም ነገር ጠፋ። እሱ ወንበሩን አስጠጋ፣ ደግሞ አስጠጋ። ጀርባውን ሰጥቶኛል። ያኔ ነገሬ ተነሳብኝ። ይህን ሁሉ የምትለፋው ለማን ነው አልኩት። «እሺ» አለ። እሺ ነው መልሱ? ጮህኩ፤ ጅማ ማን አለህ አልኩ። ዘወር ብሎ አፌን አየ። «ምን አልሽ?»

ያቺን ሴት ክፈታት አልኩት።

 ከዚያ ስልኩን ሰካ። አንዲት ሴት ስለ ጨርቅ ትነዘንዛለች፤ ሲታጠብ ይገባል ብዬሻለሁ፣ ኋላ አጠረ ብለሽ እንዳትመጪ፣ እኔ የለሁበትም...

«ማናት ይቺ ጨቅጫቃ?» አልኩ።

«አንቺ ነሽ» አለ።

ሱቅ ቁጭ ብሎ ሲጠብቀኝ የቀዳው ነው። ጅማ ያለው የጆሮ ሐኪም ነው። ሁለቱም ጆሮው እየደከመ ነው፣ አይመለስም ብለውታል። የወንድ ወፍራም ድምፅ ይደርሰዋል፤ ቀጭን ድምፅ ነው የሚያመልጠው፣ የሴት፣ የልጅ። «መጀመሪያ የጠፋብኝ ያንቺ ድምፅ ነው» አለ። ቤት ውስጥ ያንን የቀዳውን ድምፄን አጥርቶ መልሶ የሚያሰማውን ዕቃ ይፈልግ ነበር፣ እኔ ሳላውቅበት።

አለቀስኩ። ከረሜላው ለጉሮሮው ነው፤ የራሱን ድምፅ ልክ ስለማያውቅ ችሎት ላይ እየጮኸ ይደርቅበታል።

ዓርብ፣ ሰኔ 7

ትልቁን መልሰን ትንንሾቹን ገዛን። ሙዘሚል ሳልለምነው ቀነሰልኝ። ለምን ቀነሰ ብዬ ደግሞ እሱን መጠርጠር ጀመርኩ፤ ይህ ጠባይ አይለቀኝም። በሰላም ግባ ብዬ ሸኘሁት። ከኦቨርሎኩ ገንዘብ የተረፈ አለ፣ ግን ማሽን አይገዛም።

ዛሬ ቀኑን ሙሉ የማስበው ሌላ ነው። ደረጀ ስንቱን ሳይሰማ ነው እሺ ያለኝ? እናቴ ትምጣና ትክረም ስለው እሺ ብሏል። ልጆቹ ለትምህርት ከሄዱ ወዲህ ቤቱ ጨለመብኝ ስለው ራሱን ነቅንቋል። ያ መነቅነቅ ስንት ቀን አጽናንቶኛል። ሰምቶ ነበር? ልጠይቀው ፈራሁ።

ማታ እራት ላይ ደግሞ የባሰውን ነገረኝ። አንዲት ከከምባታ በኩል ለቡና ለቀማ ያዮ የመጣች የቀን ሠራተኛ አለች። ከመጋዘን ቡና ሰርቀሻል ተብላ ተከሳለች፤ አማርኛ እንጂ ኦሮምኛ አትችልም። አንገቷን ደፍታ ነው የምትናገረው። ባለፈው ቀጠሮ ቃሏን ለዳኛው ያስተረጎመው ደረጀ ነው። ግማሹን አልሰማውም። እንደገና በይ እንዳይላት ሦስቴ ብሏታል፣ አፈረ። ቀሪውን ሞላው።

በምን ሞላኸው አልኩት።

«ሌሎች በሚሉት» አለ። እንዲህ ዓይነት ተከሳሽ ብዙ ጊዜ የሚለውን።

ሰኞ ትቀርባለች። ለዳኛው ልንገር ወይስ ዝም ልበል ይለኛል። እኔ ምን አልኩት? ዝም በል አልኩት። ደመወዝህ ሲቆም ልጆቹን በምን እናስተምራለን፣ ጡረታህ እስኪደርስ ቻለው አልኩ። እዚህ የምጽፈው ኋላ አላልኩም እንዳልል ነው። ሁለታችንም ሳህን አነሳን። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 8

ሞከርኩት። ምናልባት ራሱን አጋንኖ ይሆናል፣ የጅማው ሐኪምም ሰው ነው፣ ይሳሳታል ብዬ። ፊት ለፊቱ ቆሜ በአማርኛ ስናገር በኦሮምኛ መለሰው፤ አንድ ነገር አልሳተም። እንደ ድሮው ነው፣ ጎበዝ ነው፣ ኮራሁበት። ከዚያ እንደዚያች ሴት አንገቴን ደፋሁና ስለ እናቴ ጉልበት ሕመም ተናገርኩ።

ያማረ ነገር አስተረጎመ። ሳይደናቀፍ፣ ሙሉ፣ በእርጋታ። ስለ ቤት ኪራይ ነበር። እኔ ያልኩት አይደለም።

ዝም ቢል ይሻለኝ ነበር። ወይ አልሰማሁም ቢል። ያን የመሰለ ንግግር ማን ይጠረጥራል? እኔ ጫማ ላይ ጭቃ ጠፋ ብዬ የምጠረጥረው ሴት፣ የተናገርኩት እኔ ባልሆን አምነው ነበር። ያቺም ሴት ያለችውን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፤ ኦሮምኛ ስለማትችል በስሟ የተባለውን አታውቀውም።

ተናገር አልኩት። ልጆቹስ አለ። ተናገር።

እሑድ፣ ሰኔ 9

ዓረፋ ነው። ሱቆች ዝግ ናቸው፣ ከተማው ረጭ ብሏል። ደረጀ ልብሱን ተኮሰ፣ ሸሚዙን ሁለቴ። ለዳኛው እነግራቸዋለሁ ይላል። ድምፁን ሳዳምጠው ግን የሚሸሽ ሰው ድምፅ ነው። ነገ በር ላይ ሲደርስ ሐሳቡን ይለውጣል ብዬ እፈራለሁ። አብሬው እሄዳለሁ። ሱቄን ዘግቼ።

ስፒከሩን አልከፈትነውም።

ሰኞ፣ ሰኔ 10

ከችሎት በፊት የዳኛው ቢሮ ገባ። እኔ ኮሪደር ቆሜ በሩን አየሁ። ገብቶ ሌላ ነገር ሊያወራ ይችላል፣ ስለ ፈቃድ፣ ስለ ስብሰባ፣ እኔ በምን አውቃለሁ? ሲወጣ ከፊቱ ምንም ማንበብ አልቻልኩም። አልፎኝ ወደ አስተርጓሚው ቦታ የሚሄድ መስሎኝ ነበር። መጥቶ አጠገቤ፣ የታዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ስንት ዓመት እዚያ ቤት ሲሠራ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ አያውቅም።

ስለ ሥራው ገና ምንም አልተባለም። ሌላ ክፍል ሊያዛውሩት ይችላሉ፣ ሊያሰናብቱትም ይችላሉ። ዳኛው አመሰግናለሁ ብቻ ነው ያሉት።

ሌላ አስተርጓሚ ቆመ። ዳኛው ያለፈው ቃል ተትቶ ተከሳሿ ከመጀመሪያው እንደ አዲስ እንድትናገር አዘዙ። ቀጭን ሴት ናት፣ ከእኔ ታንሳለች። አንገቷን ደፍታ ጀመረች። ደረጀ ወደ እኔ ዘንበል አለ። «ምን አለች?»

ጆሮው ውስጥ ነገርኩት። አልደረሰውም፣ ድምፄን ጨመርኩ። ፖሊሱ «ጨሊሳ!»፣ ዝም በሉ ብሎ ተቆጣኝ። ዳኛው ከመነጽራቸው በላይ አዩን፤ ደረጀን ካዩ በኋላ ለፖሊሱ ተወው ብለው በእጃቸው አመለከቱ። ቀጠልኩ። እሷ ትናገራለች፣ አስተርጓሚው ለዳኛው፣ እኔ ለባሌ። ቡና ትለቅማለች እንጂ መጋዘን ገብታ እንደማታውቅ፣ የመጋዘኑን ቁልፍ የሚይዘውን ሰው እንደማታውቀው።

መሐል ላይ ሴትዮዋ ቀና አለች። ይህን ባለፈውም ተናግሬ ነበር አለች፣ የሚሰማኝ አጣሁ እንጂ።

 ደረጀ ጠበቀ። ቃሏ ረጅም እንዳልነበረ ከአፏ አይቷል። «ምን አለች?» አለኝ።

ሌላ ነገር ልለው እችል ነበር። ደክሞኛል አለች፣ ውኃ ስጡኝ አለች። አያውቅብኝም ነበር። ወደ ጆሮው ተጠጋሁና እንዳለችው ነገርኩት፣ እስከ መጨረሻው።