አብረን እንይ

ለምወድሽ ለታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል፣ እታለም? ጉልበትሽ ደረጃ መውጣት ጀመረ ወይስ አሁንም እየተቆጣሽው ነው? ባለቤትሽስ? ልጆቹስ? ትልቋ ፈተናዋን እንዴት ሆነች? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ እንደወትሮው እንዳታስቢ ብዬ አይደለም፤ የምሬን ነው። ድምፄ ብቻ ትንሽ ጎርነን ብሏል፤ ምክንያቱን ትሰሚያለሽ።

የአክስታችን ልጅ እኔን አይታ ስትመለስ «እህትሽ ከማይታወቁ ሰዎች ጋር ከሲኒማ ሲኒማ ትዞራለች» ብላ እንደነገረችሽ ሰምቻለሁ። እውነቷን ነው። አንቺም «የፈታች ሴት ቤቷን ዘግታ ብትቀመጥ ምን አለበት» ብለሻል አሉ። ከንክኖኛል፤ አልዋሽሽም። ግን ነገሩን ከሰው አፍ ከምትለቃቅሚው ከእኔው ብትሰሚው ይሻላል ብዬ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፍልሽ።

ከፍቺው በኋላ እንዴት እንደነበርኩ ታውቂያለሽ። ከቤት ወደ ትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ወደ ቤት። ቀኑን ሙሉ ልጆቹን «እሽሽ» ስል እውላለሁ፤ ቤቴ ስገባ ደግሞ «እሽሽ» የምለው ሰው እንኳን የለም። ያ ሰውዬ አብረን በኖርንበት ዘመን ሁሉ አፌን በከፈትኩ ቁጥር «አንቺ ዝም በይ» ሲለኝ ኖሮ፣ እሱ ከሄደም በኋላ ትእዛዙን ሳከብር ነበር።

አንድ ቅዳሜ የትምህርት ቤታችን ሒሳብ ሠራተኛ እየጎተተች «አብረን እንይ» ወደሚሉት ማኅበር ወሰደችኝ። ማኅበር ስልሽ ቢሮና ማኅተም ያለው እንዳይመስልሽ። ቅዳሜ ከሰዓት ተጠራርተው ፊልምም ይሁን ቲያትር፣ የሥዕል ዐውደ ርእይም ይሁን፣ የተገኘውን አብረው አይተው ሲያበቁ ሻይ ቤት ገብተው የሚጨቃጨቁ ሰዎች ናቸው። አለቃችን ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ እማማ መርፌ እንላቸዋለን። ስማቸውን ያወጣላቸው ሥራቸው ሳይሆን ምላሳቸው ነው። አንድ ባለታክሲም አለ፤ ሰው በሚስቅበት ፊልም ላይ ያለቅሳል። የመጀመሪያው ቀን «ፊልሙን እንዴት አየሽው?» ሲሉኝ «ጥሩ ነው» አልኩ። ባለታክሲው «ሾርባም ጥሩ ነው እኮ፤ ስለ ፊልሙ ንገሪን እንጂ» አለኝ። ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ መሰለሽ!

ዝናቡ ሲጀምር አንድ ቀለም ቀቢ መጡ። የከተማውን ግማሽ ቤት እሳቸው ናቸው የቀቡት ይባላል፤ በኋላ ሕመም ዓይናቸውን ወሰደባቸው። እህታቸው በር ድረስ አምጥታ ትታቸው ስትሄድ ሁላችንም ተያየን። ባለታክሲው አፉ አያርፍም፤ «ወንድሜ፣ ለመሆኑ ሲኒማው ምን ሊያደርግልህ ነው?» አላቸው። እሳቸው አልተቆጡም። ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ሰው ሁሉ እንደ አልጋ ቁራኛ እንደሚጠይቃቸው፣ ብርቱካን ይዞ መጥቶ፣ ከንፈሩን መጥጦ እንደሚሄድ ነገሩን። «ብርቱካን ሰልችቶኛል። ከሰው ጋር መቀመጥ ነው የፈለግሁት» አሉ።

የተቀመጡት ከእኔ አጠገብ ነበር። ፊልሙ መሐል ላይ ተዋናዮቹ ለረጅም ጊዜ አንድም ቃል የማይናገሩበት ቦታ መጣ። በድንገት አዳራሹ በሙሉ «ኡ!» አለ። ቀለም ቀቢው ወደ እኔ ጠጋ ብለው «ምን ሆነ?» አሉኝ። «በሩን ከፈተችው» አልኩ። «ማን?» «ሚስትየዋ።» «ምን ለብሳለች?» «ሰማያዊ።» «የቱን ሰማያዊ?» አሉኝ።

እታለም፣ እኔ እስከዚያ ቀን ሰማያዊ አንድ ይመስለኝ ነበር። ቀና ብዬ አየሁት። «ብዙ ጊዜ ታጥቦ የደከመ ሰማያዊ። ክርኗ ላይ ወደ ነጭ ሊሄድ ምንም አልቀረው» አልኳቸው። በረጅሙ ተነፈሱና «አሁን ገባኝ፤ ድሃ ናት» አሉ። የሴትዮዋን ድህነት እኔም ያየሁት ገና ያኔ ነው።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ በሹክሹክታ ፊልም መንገር ሥራዬ ሆነ። ቀስ በቀስ የማኅበሩ ሰዎችም ጆሯቸውን አቁመው ወደ እኛ ወንበር ይጠጉ ጀመር። እማማ መርፌ ሳይቀሩ «እኔ የማላየውን ነው የምታዪው» አሉኝ። ሌላው ተመልካች ግን እኛን ሊሰማ አልመጣም፤ ሲያጉረመርም ከረመና አንድ ቀን አንዱ ለሥራ አስኪያጁ ከሰሰን። ሥራ አስኪያጁ በባትሪ ዓይናችን ላይ እያበራ መጥቶ ከአዳራሹ አስወጣን። ይህስ ባልከፋ፤ ጥፋት ነበረብን። በሩ ላይ ግን ወደ ቀለም ቀቢው ዞሮ «ለማያይ ሰው ሲኒማ ምን ይሠራል? ቤትዎ ቁጭ ብለው ሬዲዮ አይሰሙም?» አላቸው።

እሳቸው በትራቸውን ብቻ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ አዛወሩ። ያን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ ስንት ዓመት የኖርኩበት ቤቴ ነው! እኔ እንጃ ምን እንደገባብኝ፣ «ይሄን አዳራሽ በማያዩ ሰዎች ካልሞላሁት እኔ አይደለሁም!» ብዬ ጮህኩ። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ አየኝ። ልጆችን «እሽሽ» የምለው እኔ!

በማግስቱ ግን ፍርሃት ያዘኝ። ተናግሬ ሞቻለሁ። እማማ መርፌ «አፍሽ ካወጣው እግርሽ ይከተለዋል» ብለው ነገሩን ራሳቸው ያዙት። አዳራሹ ባዶ በሚሆንበት አንድ ከሰዓት ድምፅ ማጉያ እንዲሰጠን ሥራ አስኪያጁን ጠየቁት፤ እምቢ አለ። ሹራባቸውን ይዘው ቢሮው ገቡና ወንበር ላይ ተቀምጠው መሥራት ጀመሩ። ሲወጣ አሉ፤ ሲገባ አሉ። ሹራቡ እጅጌው ላይ ሲደርስ ሥራ አስኪያጁ እጅ ሰጠ።

ቀለም ቀቢው ግን ተቀይመው ቀርተው ነበር። ቤታቸው ድረስ ሄጄ «እርስዎ ካልመጡ ለማን ነው የምናገረው?» አልኳቸው። መጡ። የመረጥነው ፊልም ሁለት ወንድማማቾች አንድ ትልቅ ቁም ሳጥን በትንሽ ጀልባ ጭነው ወንዝ ሊሻገሩ የሚታገሉበት ነው። ደጋግመን ተለማመድነው። እኔ አንዳች እንዳያመልጣቸው ብዬ ስጣደፍ፣ «እዚህ ላይ ዝም በይ፤ ውሃውን ልስማው» ይሉኛል። ያችኑ «ዝም በይ» የምትለውን ቃል፣ እታለም! ከዚያ ሰውዬ አፍ ስትወጣ አንገቴን ታስደፋኝ ነበር፤ ከእሳቸው አፍ ስትወጣ ግን መቼ መናገር እንዳለብኝ አስተማረችኝ። አንቱታውን ራሱ በየትኛው ልምምድ ላይ እንደተውኩት እንጃ፤ ሳላውቀው ነው የቀረው።

ቀኑ ደረሰ። ባለታክሲው ጓደኞቹን ሁሉ አስተባብሮ ከዓይነ ስውራን ማኅበር ሰው ሲያመላልስ ዋለ። አንዱ የሌላውን ትከሻ ይዞ፣ በትሩ ወለሉን እያንኳኳ፣ እየተሳሳቀ ገባ። ወንበሩ አልቆ እኛ ዓይናማዎቹ ግድግዳ ተደግፈን ቆምን። ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ አፉን ከፍቶ ቀርቷል።

መብራቱ ጠፋ። ድምፅ ማጉያውን ያዝኩ። ፊልሙ ይሄዳል፣ እኔ ዝም። ከመሐል አንድ ሽማግሌ «ኧረ ተጀመረ ወይስ እኛ ብቻ ነን የማናይ?» ሲሉ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ሳቄ በድምፅ ማጉያው ተሰማ። ከዚያ በኋላ ማን ያቁመኝ! «ጭጋግ ነው፤ ወንዙ ገና አልነቃም፤ ሁለት ሰዎች ከእነሱ የሚበልጥ ቁም ሳጥን ተሸክመው ይወርዳሉ» አልኩ። ጀልባዋ ዘመም ስትል አዳራሹ አብሯት ዘመም አለ። የቁም ሳጥኑ በር ተከፍቶ ታናሽየው ውስጡ ሲወድቅ፣ የሚያየውም የማያየውም በአንድ ትንፋሽ ሳቀ። ቀለም ቀቢው ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ ፊቱን ወደ ሸራው ሳይሆን ወደ እኔ ድምፅ አዙሮ ይስቃል።

ሲያልቅ ማንም አልተነሳም። ከዚያ ጭብጨባው መጣ፤ ጣሪያው የሚነቀል መሰለኝ። አንዲት አሮጊት ድምፄን ተከትለው መጥተው ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙና «ልጄ፣ ዛሬ ወንዝ ተሻገርኩ» አሉኝ። ሥራ አስኪያጁም እጁን እያፋተገ መጥቶ «የሚቀጥለው መቼ ይሁን?» ሲል እማማ መርፌ ሹራባቸውን እያጠፉ «እናስብበታለን» አሉት። አሁን በየወሩ ነው። ድምፄን ያጎረነነውም ይኸው ነው።

ያን ቀን ስንመለስ ቀለም ቀቢው ቤቴ ድረስ ሸኘኝ፤ ወይም እኔ ሸኘሁት፤ ማን ማንን እንደመራ አልለየሁም። የቤቴን በር ዳሰሰና «ይሄን ማን ነው እንዲህ የበደለው?» አለኝ። ቅዳሜውን ብሩሽና ቀለም ይዞ መጣ። በግራ እጁ እንጨቱን እየዳሰሰ፣ በቀኙ እየቀባ፣ እኔ ባልዲ ይዤለት፣ ጎረቤት በሙሉ ወጥቶ እያየ ቀባው። አንድ ቦታ እንኳ አልሳተም። ወለሉ ላይ ጥቂት ጠብታ ወድቃለች፤ አላጸዳኋትም።

ከእንግዲህ የአክስታችን ልጅ የምትነግርሽ ነገር የቀረ አይመስለኝም። የሠራተኞች ቀን ሲደርስ ጉልበትሽን ይዘሽ ነይ፤ ባለታክሲው ከአውቶቡስ ይቀበልሻል። አንድ ነገር ላስቸግርሽ፦ የእናታችን ያ የሠርጓ ነጭ ቀሚስ አሁንም አንቺ ጋ ነው አይደል? ብል ካልበላው ይዘሽልኝ ነይ። ወገቡ ላይ ትንሽ አስፊው፤ ወፍሬያለሁ። ምን ሊያደርግልሽ ነው ብለሽ በስልክ እንዳትጠይቂኝ፤ እንባ እንባ ይለኛል።

ደጅሽ ሳቅ አይጥፋበት። ልጆችሽ ከአንቺ በላይ ይደጉ፤ ያሳደገኝ ክንድሽ አይዛል። ስለ ፈታች ሴት የተናገርሽው ለእኔ ፈርተሽ እንደሆነ አውቃለሁና በልብሽ አትያዥው።

በእጅሽ ያደገችው፣
ታናሽሽ

እሱም ሰላም በይልኝ ብሏል። «ስትመጣ የማያት በድምፅዋ ነውና ብዙ እንድታወራ ንገሪያት» አለኝ።