ያጠበብካቸው ሱሪዎች

ውድ አድማሱ፣

ከተለያየን ሁለት ክረምት አለፈ። እንደ ሌላው ሰው ነፍስህን ይማር ብዬ በለስላሳ ቃል ብጀምር ደስ ይልህ ነበር። ግን ተቆጥቼብሃለሁ። አብረን ስንኖር ተቆጥቼ ዝም ያልኩበት ቀን እንደሌለ ታውቃለህ፤ ዛሬም አልጀምረውም።

ቤታችን ደህና ነው። ልጃችን ሕይወት ሚዛን ከተማ ተመድባ ታስተምራለች። በጓሮ በኩል የሚያፈሰው ጣሪያ ተሠርቷል። ስፌት ቤቱን ወንድሞቼ ሽጪው ቢሉኝም እንቢ ብዬ የስፌት መኪናህ ላይ እኔው ተቀመጥኩበት። ኮት እንዳንተ አይወጣልኝም፤ ቀሚስና የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ፣ የሰፋ አጠብባለሁ፣ የጠበበ አሰፋለሁ።

የተቆጣሁበትን ልንገርህ። ልብሶችህን ለሰው ልሰጥ ሳወጣ ሱሪዎችህን ገልብጬ አየኋቸው። ወገባቸው ላይ የተተረተረ የስፌት ምልክት አለ፤ ከእሱ ወደ ውስጥ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። የኮትህ ጀርባም እንደዚያው ነው። በከሳህ ቁጥር ልብስህን ታጠብብ ነበር ማለት ነው፣ ምናልባት እኔ ገበያ ስወጣ። የሌላው ሰው ክሳት በልብሱ ይታወቃል። አንተ ግን እስከ መጨረሻው ልክህን ለብሰህ ስለምትወጣ እኔም፣ ጎረቤትም፣ ሐኪምም ሳናይ ቀረን።

ቦንጋ ሐኪም ቤት የሄድነውም እንደዚያው ዘንጠህ ነው። ወረፋው ኮሪደሩን ሞልቶታል፤ ከኋላችን ያለው ሰውዬ በሩን ይዞ ቆሟል። ዶክተሯ እንደምን ነህ ስትልህ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን አልካት። ቀጥለህም የለመድከው ጨጓራ እንደሆነ፣ መድኃኒቱን ብቻ እንድታዝዝልህ ነገርካት። ኮትህን አላወለቅክም፤ እሷም አውልቅ አላለችህም። ከእሷ በፊት ያየህ ዶክተር ለትምህርት ሄዷል፤ ከእሱ በፊት የነበረውም እንዲሁ። ዓምና ስንት ኪሎ እንደነበርክ የሚያውቅ ሰው በዚያ ግቢ አልነበረም። ብሶብህ ጅማ ስንደርስ የጨጓራ ካንሰሩ ጉበትህ ገብቶ ነበር።

ዶክተሯ ለቅሶ ደረሰችን። ልወቅሳት ተዘጋጅቼ ስለነበር ወቀስኳት። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝና የሷንም ነገረችኝ። ሆዴን አመመኝ ያለውን ሁሉ ጅማ ብትልክ ሰው በሬውን ሸጦ ሄዶ፣ ጨጓራ ነው ተብሎ ሲመለስ የሚረግመው እሷን ነው። ሕመምተኛ በአግባቡ ልመርምር ካለች ደጅ የቆመው ሕዝብ ይጮህባታል። ክፍሏ መጋረጃ እንኳ ስለሌለው ሽማግሌን ልብስህን አውልቅ ማለት ያሳፍራታል። ሌላው ከአቅሜ በላይ ነው፤ መጋረጃው ግን የኔ ሥራ ነው። ሰፍቼ ወሰድኩላት። በጀት እስኪፈቀድ ጠብቂ ያለኝን የሐኪም ቤቱን ኃላፊ ፊት ለፊት እያየሁት ወንበር ላይ ወጥቼ ሰቀልኩት።

ሱቃችንም አዲስ ሕግ አለው። ወገቡን አጥብቢልኝ ብሎ የመጣ ሁሉ ለምን እንደሰፋው ሳይነግረኝ መርፌ አላነሳም። ብዙ ጊዜ እሳሳታለሁ። አንዷን ሙሽራ ከስተሻል ብዬ ሐኪም ቤት ብልካት ለሠርጓ ብላ የቀነሰችው ኖሯል፤ እናቷ ልጄ ላይ አሟረትሽባት ብላ ደጄ ድረስ መጥታ ሰደበችኝ። አንዱ ስኳር ተገኘበት፣ ሌላው የኮሶ ትል። ደንበኛ ታባርሪያለሽ ይሉኛል። ይሂዱ፤ ልብስ ሰፊ በቦንጋ ሞልቷል።

ባለፈው ወንድምህ ጋሽ ተክሌ ከዋጫ መጡ፣ ሱሪያቸውን በፌስታል ይዘው። ወገቡን ትንሽ ሰብሰብ አድርጊልኝ አሉኝ። የከሳ ፊታቸውን አየሁና መቀሴን አስቀመጥኩ።

«ጋሽ ተክሌ፣ አድማሱ ሱሪውን እያጠበበ ነው የሞተው። የእርስዎን አልነካም» አልኳቸው።

ሱሪያቸውን ነጥቀውኝ ወጡ። ለዘመድ ሁሉ ሐዘን አእምሮዋን ነክቷታል ብለው ነገሩ። እኔም ተከትዬያቸው ዋጫ ሄድኩ። የቡና ለቀማ ጊዜ ነው፣ አሁን ምን ሐኪም ቤት ያስኬዳል ሲሉኝ፣ ቅርጫት አንስቼ ከለቃሚዎቹ ጋር ገባሁ። እስኪመጡ ድረስ እንደማልሄድ ሲገባቸው በማግስቱ እያጉረመረሙ ተነሡ።

ዶክተሯ ከመጋረጃው ጀርባ ኮታቸውን አስወልቃ ሆዳቸውን ዳሰሰች፤ ያኑ ዕለት ወደ ጅማ ሪፈር ጻፈችላቸው። እዚያ ካሜራ በጉሮሯቸው አስገብተው ናሙና ወሰዱ። ውጤቱ ሲመጣ ልጆቻቸው ቁስለት ነው ይባልልን ብለው ሐኪሞቹን ለመኑ። እኔ ግን አልጋቸው አጠገብ ቁጭ ብዬ ካንሰር ነው አልኳቸው። ገና አልተሰራጨም፣ ቆርጠው ሊያወጡት ይችላሉ፣ ግን ሳይውል ሳያድር ነው አልኳቸው።

 ከዚያ ሐኪሞቹ እንዳይሰሙ በቋንቋችን በካፊኖኖ ጠየቁኝ።

«አድማሱ ያውቅ ነበር?»

ያንን ጥያቄ ሱሪዎችህን ከገለበጥኩ ጀምሮ እሸሸው ነበር። የጨጓራ ሕመም የሚመስለው ሰው በድብቅ ልብሱን አያጠብብም።

«ያውቅ ነበር» አልኳቸው። «ለማንም አልነገረም እንጂ።»

ዓይናቸው እንባ ሞላ። ከዚያ ልጆቻቸውን ጠርተው የኦፕሬሽን ቀን አስይዙልኝ አሏቸው። ቀኑ ነገ ነው። ይህን የምጽፍልህ ጅማ፣ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው።

ታውቅ ነበር አድማሱ። ልትራራልኝ ብለህ እንደነበር ይገባኛል፤ ግን ማን ራራልኝ አለህ? አብሬህ ልፈራ መብቴ ነበር። ለልጃችንም፣ ለሚጠይቀኝ ሁሉም የገደለህን በስሙ እጠራዋለሁ፤ «ባደረበት ሕመም» ብዬ አልሸፍንልህም። እወድሃለሁ፤ ገና ይቅር አላልኩህም፤ እስክሞት የማስታውስህ ሁለቱንም ይዤ ነው።

ወንድምህ ናፍቆህ ከሆነ ግን ጠብቅ። አሁን አልሰጥህም።

ባለቤትህ ዘነበች