ሰላምታ ከሆነ ነገም ይደርሳል

ለተከበሩ የቤታችን ኢንተርኔት አቅራቢ ድርጅት የደንበኞች አገልግሎት ኃላፊ
ካምፓላ፣ ጁላይ 2021

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ በማስታወቂያዎ ላይ እንደሚታየው መስመር ሳይቆራረጥ፣ ቤተሰብዎም በአጠገብዎ እንዳሉ ይህ ደብዳቤ እንዲደርስዎ እመኛለሁ። እኔ እዚሁ ካምፓላ፣ ናሙዎንጎ ሰፈር ቅመም የምነግድ የጅማ ሰው ነኝ። በጽሑፌ ኃይለ ቃል ቢያጡ ከጨዋነት አይቁጠሩልኝ፤ ደንዝዤ ነው።

እናቴ ጅማ ታማ ተኝታ ነበር። ጆሮዋ ከከዳት ሰንብቷልና የልጇን ፊት ሳታይ፣ የልጇም ከንፈር አሚን ሲል ሳትመለከት አትመርቅም። ወንድሜ ሰላሃዲን በስልኩ ሊያገናኘን ተሰናዳ። የእኔ ስልክ ከድምፅ በቀር ስለማያውቅ ኮምፒውተሬን ከፈትኩ፤ ኢንተርኔት የለም። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ሠራተኛዎ በስልክ ስለሰጠችኝ ትምህርት። ራውተሩን ነቅዬ ሰካሁ፤ ገመዱን ቀየርኩ፤ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁ፤ የይለፍ ቃሉን ፊደል እንደሚቆጥር ሕፃን እየጠራሁ ደግሜ ጻፍኩ። ቀይዋ መብራት ንቅንቅ አላለችም። እንደገና ስደውል እንደገና ከመንቀሉ አስጀመረችኝ። ዛሬ ዓይኔን ታስሬ ራውተር መንቀል እችላለሁ፤ ለዚህ ሙያ ባለውለታዎ ነኝ።

ሁለተኛ፣ ለምን እንደቸኮልኩ ስለጠየቀችኝ። እኛ ዘንድ በሕይወት ያለችን እናት ልትሞት ነው ማለት ማሟረት ነውና፣ ቤተሰብ ሰላም ልል ነው አልኳት። እርሷም በመልካም አንደበት፣ ሰላምታ ከሆነ ነገም ይደርሳል ብላ ከማይቸኩሉት ጋር መዘገበችኝ። አልፈርድባትም። እናንተ ዘንድ ያላሟረተ ሰው ባለሙያ ቶሎ እንደማይላክለት ቀድሞ ቢነገረኝ ግን አሟርት ነበር።

ሦስተኛ፣ ባለሙያ ስለሚመጣ ከቤት እንዳልወጣ ስላዘዛችሁኝ። በኮሮና ምክንያት ታክሲ የታገደበት ሰሞን ቢሆንም ሙቱንጎ ሰፈር ያለችው ዘመዴ ኻሊዳ ቤት በእግሬ መድረስ አያቅተኝም ነበር፤ የእርሷ ኢንተርኔት ይሠራል። አልሄድኩም፤ ቀይዋን መብራት እየጠበቅኩ ዋልኩ። ታዛዥ ደንበኛ ብርቅ ሲሆንብዎ የእኔን ስም ይጥሩ።

ባለሙያዎ በማግስቱ መጣ። የተበጠሰው መንገድ ዳር ካለው ምሰሶ ላይ የእናንተው መስመር መሆኑን በፈገግታ ነግሮኝ ቀጠለው። ራውተሬም ኮምፒውተሬም ከመጀመሪያው ደህና ነበሩ።

መብራቷ አረንጓዴ ስትሆን ወንድሜ ጋ ደወልኩ። ሰላሃዲን ስልኩን ወደ አልጋው ሳይሆን ወደ ግድግዳው አዞረው። መርዶ በስልክ አይነገርምና አንድ ቃል አልወጣውም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ግድግዳው ግን በጣም ጥርት ብሎ ይታይ ነበር። በነጋታው ማለዳ ኻሊዳ ሽማግሌዎች አስከትላ ከሙቱንጎ በእግሯ መጣች። እኔ ያልሄድኩበትን መንገድ እርሷ መጣችው።

መስመርዎ እንዲቀና፣ ሠራተኞችዎም ከወላጆቻቸው ምርቃት እንዳይጎድሉ ከልብ የምመኝ፣

አትውጪ ተብዬ ያልወጣሁ ደንበኛዎ
ጦይባ ሙሐመድዘይን

ማስታወሻ፦ ድርጅትዎ ችግሬ መፈታቱን ገልጾ ከአምስት ኮከብ ስንት እንደምሰጠው በመልእክት ጠይቆኛል። ወንድሜ የላከው የእናቴ መቃብር ፎቶ በዓይን ጥቅሻ ደርሶኛልና አምስቱንም ይውሰዱ። ሠራተኛዎም እውነቷን ነው፤ ሰላምታዬ በማግስቱ ደርሷል። ተቀባይ ብቻ ታጣ።